ፊደል የቆጠረ

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከወንዙ ነፋስ ጋር፣
ኤላዲዮ መጣ፣ ሳጥኑ ብብቱ ሥር፤
መሰላሉን ዘርግቶ በሲኒማው ደጃፍ
ያለፈውን ሳምንት አወረደው ከአፋፍ።

እኔ ከማዶ ነኝ፤ መድኃኒት ቤት አለኝ፤
ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱ ነው ፊልም የሚሆነኝ።
የፓይሳንዱ ሐምሌ አጥንት ይሰብራል፣
ብርቱካን የጫነ መኪና ያልፍና ሽታው ይቀራል።

ኔሊዳ አንገቷን ከትኬት መስኮት አውጥታ
ትጮኽለታለች የሳምንቱን ፊልም እንደ ጨረታ፦

«አንዱ የባሕር ጦርነት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፤
መርከቡ እስኪሰጥም ሰው ያረጃል አሉ።
አንዱ ከኮሪያ፤ ማቀዝቀዣ ሊጠግን ቤት ለቤት የሚዞር፣
ፍቅሩን ለሞተሩ ብቻ በሹክሹክታ የሚናገር።
ለልጆች ካርቱን አለ፤ ጃርት ሰርግ ተጠርታ
‹ማን ያቅፈኛል?› ብላ ከደጅ የቆመች ፈርታ።
አንዱ አሳንሰር ውስጥ ነው፤ ሰባት ሰው ገብቶ ስምንት የሚወጣው፤
ትናንት ለብቻዬ አይቼው፣ እግሬ ነው ቤቴ ድረስ የሮጠው።»

«አምስተኛውስ?» አላት።
ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከማዶ ጆሮዬን አቀናሁላት።
«የብሪሳ ነው፤ የዚያ የቆዳ ፋብሪካ ዘበኛ የነበረው ልጅ፤
በስልኳ ነው የቀረጸችው።
ለረቡዕ ማታ ብቻ። ስሙ አይለጠፍ ብሏል ሰውዬው።»
«ስሙ ማነው?»
«የጠዋቱ ሰልፍ።»
በኛ ቋንቋ ሲጻፍ ስድስት ‹አ› ይበላል።

ኤላዲዮ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ነው የቆየው፤
በዚህ ከተማ ግን ፊደል የቆጠረ ቢባል እሱ ነው።
ይቆጥራል በየሐሙሱ፦ ኤስ አሥራ አንድ፣ ኦ ዘጠኝ፣ ‹አ› ስምንት፤
ዘጠነኛዋን አምና ነፋስ ነጥቆ ወንዙ ላይ ጣላት፣
«ተሻግራ አርጀንቲና ገብታለች» ይላል፣ «ያለ ፓስፖርት።»
ከዚያ ወዲህ ሲቸግረው ቪን ገልብጦ በጥቁር ፕላስተር
ወገቧን ያስራታል፤ ፕላስተሩን የሚወስደው ከኔ ነው፣ በብድር።

ባለቤቱ ጥርሱን ሊነቀል ሞንቴቪዲዮ ሄዷል።
ኤላዲዮ መሰላሉ ላይ ቆመ።
ሳጥኑን አየ። ጦርነቱን አየ፤ ከዳር እስከ ዳር የተለጠፈውን።
ከጦርነቱ ላይ አንድ ‹አ› ነቀለ።
ሁለት።
ሦስት።
መርከቡ መስጠም የጀመረው ያኔ ነው።

በማግስቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ
የተረፈውን ስም ጮክ ብለው እያነበቡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤
አንድ ጡረተኛ ደግሞ መስኮቷ ጋ ተጠግቶ፦
«ለዚያ ጥርሱ ለወለቀው ፊልም ሁለት ስጪኝ» አላት፣ ኮፍያውን አንሥቶ።

ረቡዕ ማታ አርባ አንድ ሰው መጣ። እኔ ቆጥሬያለሁ።
የፋብሪካው ሰዎች ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣
ወንበሩን በጃቸው ጠረግ አድርገው።
መብራት ጠፋ።
ጎሕ ሳይቀድ፣ የተዘጋ በር። ከየአፉ የሚወጣ እንፋሎት።
ፋብሪካው ከተዘጋ ስድስት ወር፤ እነሱ ግን ተሰልፈው፣ አንዱ ያንዱን ጀርባ እያየ፤
ከጎኔ አንዱ ጣቱን ቀስሮ «ያ እኔ ነኝ» አለ፣
ደግሞ ቆየት ብሎ፣ ለራሱ፣ «ያ እኔ ነበርኩ።»

ኤላዲዮ ኋላ ወንበር ላይ ነበር፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ቀን ነው ወደ ውስጥ የገባው።
ፊልሙ ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰደው።
ማንኮራፋቱን ሰው የእንፋሎቱ ድምፅ መሰለው።

ብሪሳ በሩ ላይ ጠበቀችው፣ ጥፍሯን እየበላች፤
«ዶን ኤላዲዮ፣ እንዴት ነበር?» አለች።
እሱም አገጩን አከከና፣ ቀና ብሎ የለጠፈውን አየና፦
«ከመንገዱ ማዶ ድረስ ይነበባል» አላት።

ባለቤቱ በነጋታው ገባ፤ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ አልከፈት ብሎት፤
ወደ ላይ በጣቱ እያሳየ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ቃል አጥቶ፤
የሕመሙን ማስታገሻ የሸጥኩለት እኔ ነኝ።
«በቀን ሦስት ጊዜ» አልኩት፣ ብልቃጡን በወረቀት ጠቅልዬ፤
«ለአንድ ሳምንት ያህል ደግሞ ማውራት ክልክል ነው።»