ገና ገላን ነን

ከብሎኬት ፋብሪካው ጀርባ፣
በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ቆመዋል፣ ተጎታች ላይ ሁለት ጀልባ።
ሐይቅ የለም ባካባቢው፤
ሲኖትራክ ነው፣ ጭቃ ነው፣
የጅቡቲው ባቡር ሲያልፍ አጥሩን እያንቀጠቀጠው።

«መንታ ናቸው» ይላል ኦብሳ፣ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፤
«ባንድ ኮንቴይነር የመጡ፣
ባንድ ቀን ከጉምሩክ የወጡ፤
አንዱን ካንዱ የሚለይ ሰው፣ እኔ እስከማውቅ አልተፈጠረ።»

ያኛው ነጭ። ይኸኛው ነጭ።
ያኛው ሰማያዊ መስመር፣ ይኸኛው አረንጓዴ።
ሁለቱም ስምንት ሰው ይይዛል፤
ሁለቱም ከኋላው ብረት አለው፣ ገመድ የሚታሰርበት፣
ልጅን በተነፋ ጎማ ውሃ ላይ የሚጎትቱበት።
ለዚህ ነው ኪሩቤል ሰሞኑን ትራሱን አንቆ የሚያድረው፣
አልጋው ኮቃ ላይ እየበረረ፣ እግሩ ብርድ ልብስ የሚቀዝፈው።

ትርሲት ደብተር ይዛለች፤ ኦዲተር አይደለች?
ገጹን ለሁለት ከፍላ በቀይ አስምራዋለች።
ግራው፦ ነዳጅ ይቆጥባል። ቀኙ፦ ወንበሩ አልተቀደደም።
ግራው፦ መሰላሉ ሰፊ ነው፣ የእማማን እግር ይችላል።
ቀኙ፦ ጥላው አዲስ ነው፣ ፀሐይ ሲከር ይዘረጋል።
ደምራ ደምራ ስታበቃ
እኩል ለእኩል ይወጣል።
እኩል ነገር እንዴት ይመረጣል?

ሦስት ቅዳሜ ተመላለስን።
ኦብሳም ዋጋ መጥራቱን ትቶ፣ እንደ ዘመድ ወንበር ያወጣልን ጀመር።

እውነቱን ልናገር? ጀልባ አይደለም የቸገረን።
አራት ነን፣ ወንድምና እህት፣ ባንድ ከተማ እየኖርን
ድንኳን ካልተተከለ በቀር ዓይን ለዓይን የማንተያይ።
«ለቅሶ ብቻ ነው ወይ የሚሰበስበን?» አለ ሽመክት፣
ያባባ አርባ ዕለት፣ ንፍሮ እየዘገነ።
ከዚያ ነው ገንዘብ ያዋጣነው፣ ላንድ ሐይቅ፣ ላንድ እሑድ ብለን።
ስለዚህ ፈራሁ። ከሁለቱ አንዱን ብስት
የሳትኩት ጀልባ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ፣
አረንጓዴው ደርቆ፣ ሰማያዊው እስከ ጉልበት ሞልቶ አገኘናቸው።
ኦብሳ ደነገጠ፤ ባልዲ ፍለጋ ሮጠ፤
«ደረቁን ውሰዱ በቃ!» እያለ።
ትርሲት ደብተሯን ዘጋች።
«የያዘውን ያላፈሰሰ፣ የውጪውን አያስገባም» አለች።
«የደረቀው ቡሹ ወልቆ ይሆናል» አልኩ።
«ይሆናል» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች።

ኪሩቤል ቀድሟት ገብቷል። ፌቨን ሱሪዋን ሰብስባ ተከተለች።
ዝናቡ መልሶ መጣ። እኔም ጫማዬን ጣልኩት።
ከላይ ውሃ፣ ከውስጥ ውሃ፣ ከሥር ጭቃ፤
ስሙም ገላን ነውና፣ ገላን አራሰው ሰማዩ።
ኦብሳ ባልዲውን ይዞ፣ ይቅዳ አይቅዳ ጨንቆት ቆመ፤
ጥበቃው ሽማግሌ ከጃንጥላው ሥር ይስቃል።
በር ላይ የቆመችው ቪትዛችን
ይህን ሁሉ ጎትታ እስከ ኮቃ!
ማንም አላሰበበትም።

ስልኬ ጮኸ። ሽመክት ነው።
«የቱን ያዛችሁ?» አለኝ።
የልጆቹ ጩኸት፣ የውሃው መንቦጫረቅ ጆሮው ገባ መሰለኝ፣
ትንሽ ዝም ብሎ፦
«ምነው እኛን ሳትጠሩ? ሐይቁ ላይ ናችሁ እንዴ?»
«አይ» አልኩት። «ገና ገላን ነን።
ና።»