የሽንኩርት ልጣጭ

ስሟ ኮርቻ ነው፣ ፈረስ የሌለባት፣
የአልባኒያ ከተማ፣ ደወል የቀለጠባት።
መቅደሱ መጋዘን፣ ድንች ይከመርበታል፤
ስሙን የጠራ ሰው፣ ስሙ ይጻፍበታል።

ከፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ በጠዋቱ፣
«ጣት ወደ ፊት!» አሉ ጓድ ሶቲር በብርቱ።
የሚታደነው የእንቁላል ቀለም ነው፣
ከሽንኩርት ልጣጭ ወጥቶ ጣትን የማይተው።

የኤፍታሊ ጣቶች ቀልተዋል እስከ ጥፍር።
«ቀይ ሥር ነው» አለች፣ ሳትፈራ ሳታፍር።

ማታ ግን ለእናቷ፦ «እማ፣ እኔ ዋሸሁኝ፤
ዶሮ እስኪጮህብኝ ቀን ሙሉ ጠበቅሁኝ።»

እናቷ ዝም አለች። ቅርፊቱን ወቀጠች፣
ዱቄቱን ዘግና ለዶሮዎች ሰጠች።

ኋላ እጇን ይዛ እንደ መስቀል ሳመችው፦
«አፍሽ ቢክድ እንኳ ጣትሽ መሰከረ።»
ያን ሌሊት ቅላቱ ሳይታጠብ አደረ።

ማክሰኞ ሲነጋ በአመድ አሸችው።