አጥንት ቆጣሪው

ለማኅበራችን ጸሐፊ፣ ዳኒደን ወደብ ላለኸው፤
ሎ ቲንፎክ ነኝ፣ የተቀበረን አውጥቼ ላገሩ አፈር የማበቃው።
ሠላሳ አንድ ሣጥን በጋሪ ልኬያለሁ፣
ሠላሳ ሁለተኛውን በእጄ ይዣለሁ።

የኦታጎ በረዶ ከገደሉ አልወረደም፣
አካፋ ሲያርፍበት መሬቱ እሺ አይልም።
ወርቅ ብለው መጥተው፣ ወርቁን ሌላ ወስዶት፣
ለእኔ የደረሰኝ ዋጋው ነው፣ የከፈሉት።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ከራስ ቅል ጀምሬ፣
ጎድኑን፣ የጀርባ አንጓውን፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣
በሩዝ አረቄ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣
ስሙን በጥቁር ቀለም ጽፌ፣ ቆርቆሮውን ዘግቼ፤
ሁለት መቶ ስድስት። አንዲት ጣት ብትቀር
ሟች በወዲያኛው ዓለም ጎዶሎ ነው የሚኖር።
ስለዚህ ጭቃውን በወርቅ ማጠቢያ ሳህን አጥባለሁ፣
ወርቅ ብልጭ ሲል ወደ ወንዙ እደፋለሁ፣
የትንሽ ጣት አንጓ ስትወጣ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

ኩዎክ ያምሰን ግን፣ ሠላሳ ሁለተኛው፣
ከራስጌው የፖም ዛፍ ቆሞ ነው ያገኘሁት።
ሥሩ በጎድኑ መሃል እንደ ክር ተላልፎ፣
ቅርንጫፉ ላይ ያምናው ፖም ደርቆ፣ ግማሹ ረግፎ።
ሥሩን ልቆርጥ መጥረቢያ ሳነሣ፣ አንዲት ሴት
ከአጥሩ ወዲያ ጮኸች፤ ስሟ ኤልስፔት።
“ተወው፣ እሱን የተከልኩት እኔ ነኝ” አለችኝ፤
ዛፉን ይሁን ባሏን፣ ልጠይቃት ከበደኝ።

ነገርኳት፤ እናቱ ፓንዩ በሕይወት አለች፣
በየዓመቱ በመቃብር ጥረጋ ቀን
ሰው የሌለበትን ጉድጓድ ትጠርጋለች።
ኤልስፔት ሰማችኝ፤ እጇን በሽርጧ አበሰች።
“እኔስ ምን ልጥረግ?” አለች።

መልስ አልነበረኝም።
እሷው አካፋ አመጣች።

እስኪመሽ አብረን ቆፈርን፣ ሥሩን ሳንቆርጥ፣ በጣታችን።
ልጇ ሞራግ፣ ፀጉሯ ቀይ፣ ዐይኗ ግን የአገራችን፣
ከጎኔ ቁጢጥ ብላ የማቀብላትን ትቆጥራለች፤
በማን ቋንቋ መሰለህ? ያት፣ ዪ፣ ሳም ትላለች!
አባቷ ያወረሳት እስከ አሥር ነው፣ ከዚያ ወዲያ የላት፣
አሥር ስትደርስ እንደገና ያት።
ሃያ ዓመት አጥንት ቆጠርኩ፣ እንጀራዬ ነው ብዬ፤
አጥንት መቁጠር ምን እንደሆነ ከልጅ ተማርኩ፣ ጌታዬ።

እንግዲህ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መቶ አምስት ነው።
የግራ እጁ ትንሿ ጣት፣ ጫፏ፣
ከፖሙ ሥር ናት፤ አፈር ያለበሰቻት ሞራግ ናት።
በመዝገቡ ላይ ግን “ሙሉ” ብዬ ጽፌያለሁ፣
ሳልዋሽ የኖርኩት ሰው ዛሬ ዋሽቻለሁ።
እናት ናትና ትቆጥራለች፤ ጎደለ ካለች ጻፍላት፤
ባሕር ማዶ የልጅ ልጅሽ እጁን ይዛዋለች በላት።

ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ጉንፋኑ አልለቀቀኝም።
የጋሪው ኪራይ፣ ሦስት ሽልንግ፣ እስካሁን አልደረሰኝም።