ለሐይቅ አንድ ይበቃል

ከጅቡቲ መጣ፣ ካይሱዙው አናት ላይ፣
በብርድ ልብስ ታስሮ፣ ከሰው ቁመት በላይ።
ጎረቤቴ ዘሙ ከበራፏ ወጣች፣
«ሟቹ የማን ልጅ ነው?» ነጠላ አመጣች።

ጠይብ ሳቀ። ፈታው።
ነጭ፣ ልሙጥ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፣
አልጋም በርም ያልሆነ፣ አፍንጫው የሾጠጠ።
«የማዕበል ሳንቃ ነው» አለኝ የእህቴ ልጅ፣
«ቆመው ይሄዱበታል በባሕሩ ደጅ።»
እኔ በር ሠሪ ነኝ፤ ሳንቃ ነው ሲለኝ
ማጠፊያውን ፍለጋ እጄ ቀደመኝ።
ገለበጥኩት፤ ከሆዱ፣ ከጅራቱ ግድም
ሦስት ስንጥቅ አገኘሁ፤ ሌላ የለም ምንም።

«ክንፎቹ» አለ ጠይብ፣ «ጋላፊ ፍተሻ
ዕቃዬ ሲራገፍ ጠፉ እስከ መጨረሻ።»
«ያለ ክንፍ አይሆንም?»
«ያለ ክንፍማ አጎቴ፣
ቀኝ ስትቀዝፍ ግራ፣ እንደ ልጅነቴ፣
ይሽከረከራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም።»

ሰኞ ሄድን ደሴ፣ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ፤
ባለሱቁ ሰምቶን፣ ወደ ጓዳ ሄዶ፣
የቬንትሌተር ክንፍ ይዞልን መጣ፣
«ይኼም ክንፍ ነው» አለ፣ አቧራው እስኪወጣ
በእጅጌው እየጠረገ።
ሌላው «የዶሮ አለ» ብሎ ሳቀ፤ ጠይብ ግን አልሳቀም፣
በጣቱ አየር ላይ ቅርፁን ይሥላል፣ ማቆም አላወቀም።
ታዲያ እኔስ ምን ልሁን፣ ሙሄ አናጢው እያለሁ?
መላጊያዬን ትቼ ማንን እለምናለሁ?

ብሳና ያዝኩ፤ ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል።
የጀሪካን ጎን ቆረጥኩ፤ ገፋ ሲያደርጉት ይታጠፋል።
ወይራ ግን ኮስተር ብሎ ለመጋዜም እምቢ አለ፣
ካሮጌ በር መቃን ተርፎ ከጥግ የዋለ።
እሱን መረጥኩ።

«ሦስት ይሁን» አለኝ፤ «ግራ ቀኝ፣ አንድ ኋላ፤
ማዕበሉ ሲጎብጥ ነክሰው ያዞሩሃል በመላ።»
«የትኛው ማዕበል? የኛ ሐይቅ ሽማግሌ ነው፣
ከሰዓት በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም የሚል ሰው።
እዚህ ጭንቁ መዞር አይደል፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው እንጂ።
አንድ፣ ረዘም ያለ፣ መሐል። ለሐይቅ አንድ ይበቃል።»
ዝም ብሎ እርሳሴን ወሰደ፤
እጁ ባሕር ማየቱ ሲሥል ያስታውቃል።

ቆረሶ ክንፉን ይዟል ከላይ፣ ከጀርባው፤
የዚህ ጉደኛ ክንፍ ከሆዱ ሥር ነው፣ ከማይታይ ቦታው።
የበርም ምስማሩ ውስጥ ነው መዋያው።

መጀመሪያ ስገጥመው እምቢ አለ፤ ወፍሯል።
በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ አሁንም ይኮራል።
«መዶሻ!» ስል ጠይብ እጄን ያዘ፤ «ወላሂ አጎቴ፣
ውስጡ አረፋ ነው፤ ይሰነጠቃል፤ ተው በሞቴ።»
ደግሞ አሸሁ። ሸርተት ብሎ ገባ።
ብሩጎላ ያዘ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ሩብ ዙር፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንጨቱ ሲናገር
እየሰማ። «በቃ» አለ፣ «ከዚህ ካለፈ ጥርሱ ይበላል።»
ቀና ብለን ስናይ፣ ስለቱ ወደ አፍንጫ ዞሯል!
ገልብጠን ነው የገጠምን።
ዘሙ እስክታለቅስ ሳቀች። ፈታን፤ እንደገና።

ሐሙስ ማለዳ ነው፣ ውሃው ገና ሳይነቃ፣
ቆመ፣ በእጁ ቀርቀሃ፤ ጉልበቱ ተንቀጥቅጦ፣ ኋላ በቃ፣
ሄደ።
እንደ ቱንቢ ክር፣ ከኔ አናጢነት ይልቅ
ልክ በሆነ መሥመር፣ ወደ መሐል ሐይቅ።
ታንኳ ላይ ያሉቱ መረባቸውን ረሱ፣
«ያ ሰው ምን ረግጦ ነው?» ጣታቸውን ነከሱ።

ማታ ሲመለስ ግን፣ ሳንቃውን ሳደርቅ፣
ሁለቱ ስንጥቅ ባዶ። «በሰም ልድፈናቸው?» ብለው፣
«ተዋቸው» አለኝ፣ ወደ ምሥራቅ
እያየ።

ለሐይቅ አንድ ይበቃል፤ ቃሌን አላጠፍኩም።
ሌሊት ግን መብራት ጠፋ፤ ኩራዝ ለኮስኩ፤ አልተኛሁም፤
ከወይራው ትራፊ ሁለት ትንንሽ ክንፍ
ላግኩ፣ አንዱ የሌላው መስታወት፣ እስከ ንጋት ደፍ።
የምስማር ጣሳ ውስጥ፣ ከዝገቱ መሐል
ሸሸግኳቸው።
አልነገርኩትም።
ማለስለስ ይቀራል።