የቅዳሜ መዝገብ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ከመጠጥ ቤቱ ጓዳ በርሜሉ ተገፋ፤
አንድ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር ገባ፣
ማሞቂያው ተንኳኳ፣ መስኮቱ አነባ።
እኔ ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጥኩኝ፣
ቀን ጻፍኩ፣ መስመር ጣልኩ፣ እርሳሴን ቀረጽኩኝ።
መጣች ደርቭላ ማክጊንሊ፣ የዶኒጎል እንደራሴ፣
ካፖርቷ እንደራሰ ቆመች ከራሴ።
ከደብሊን አራት ሰዓት ነድታ በሌሊት፣
እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን፣ ጭቃ የላሰው ቦት።

መጀመሪያ የገባች ወይዘሮ ኡና ነበረች፤
«የድልድዩ መብራት ከጠፋ ሦስት ክረምት» አለች።
ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ ፊያክራ፣ እጁን ጨው የበላው፣
ስለ መረብ ፈቃድ፤ ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው።
ማንበብ እንደማይችል ታውቃለች፤ ታነብለታለች፣
«እዚህ ጋ ፈርም፣ ይህን ተወው» እያለች።
ደግሞ አንዲት ልጅ መጣች በትምህርት ቤት ልብስ፣
እነሱ ሰፈር እንደማይቆም አውቶቡስ
ልትነግር። ነገረች። ስትወጣ ግን ረሳች
ጃንጥላዋን።

ሕግ የሚወጣበት አዳራሽ ከዚህ ሩቅ ነው፤
ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሳል እንኳ የሚያስተጋባው።
የሆስፒታላችን የሌሊት ክፍል ባለፈው ወር እዚያ ተዘጋ።
ሰባት ደቂቃ ተናገረች፣ ቃሏን ከቃል አስጠግታ፣
ድምፅ ሲቆጠር ግን በአሥራ አንድ ተረታች።
ይህንንም ጻፍኩት። «እንዳትደብቂው» ስላለች።

ሽማግሌው ስዊኒ ግን ጉዳይ የላቸውም።
ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፤
ማሞቂያው አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣
የሰው ሁሉ አቤቱታ ሰምተው
ሲመሽ ይሄዳሉ። በመዝገቤ ከስማቸው ትይዩ
ሃምሳ ጊዜ ጽፌያለሁ፦ «ምንም»።
                              ዛሬ ግን ቆዩ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ወንበራቸውን ሳቡ፣
ከደረት ኪሳቸው አራት እጥፍ ወረቀት ስበው አነበቡ፦
«የመራጮች ቢሮ ጻፈልኝ» አሉ፣ «የብሪጅድን ጉዳይ፤
ስሟ ሊሰረዝ ነው ከስሜ በታች ካለው መስመር ላይ።
መሞቷን አውቃለሁ፤ አፈሩን የመለስኩት በገዛ እጄ፤
ግን አርባ ስድስት ዓመት በየምርጫው ያ ወረቀት
ሁለታችንን ይዞ ነው የመጣው ከደጄ።
አንቺ ሕግ ታወጫለሽ። ለአንዲት መስመር ያህል
የሚሆን ሕግ የለም? እዚያው ብትቀር ማን ይጎዳል?»

ዝናቡ ተሰማ።
ደርቭላ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች።
«የለም» አለች።
«ሙት አይመርጥም በሚለው አንቀጽ የአባቴም እጅ አለበት፤
ድሮ በዚህ አውራጃ ስንቱ ከመቃብር ተነሥቶ መርጦበት!»
ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁና ወረቀቱን
እንደ ነበረ አጠፉት፣ በአራት።

ሰኞ፣ ደብሊን ከመሄዷ በፊት፣ አውራጃው ቢሮ
ተራ ይዛ ጠበቀች፤ ቁጥሯ ሠላሳ ሁለት።
ጊዜው ካለፈው መዝገብ፣ ሊቀደድ ከተከመረው፣
ያንን አንድ ገጽ ለመነች፤
የሌሎቹን ስም በጥቁር ቀለም አስሸፈነች፣
«የማይሠራ» የሚል ማኅተም አስመታች፣
በሕጉ መሠረት።

ስዊኒ፣ ኮልም።
ስዊኒ፣ ብሪጅድ።
አንዱ ባንዱ ላይ፣ በማይገፈፍ ጥቁር መሐል።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ከበሩ ቆሙ፦
«እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም ሆንኩ ብሪጅድ
አንድ ቀን ላንቺ ድምፅ ሰጥተን አናውቅም።
በመጪውም አልሰጥም።»
«አውቃለሁ» አለች። «በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ገባ።»

የድልድዩ መብራት ለገና ዋዜማ በራ።
አውቶቡሱ አሁንም አይቆምም፤
ጃንጥላውም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።
በመዝገቤ የመጨረሻ ዓምድ
«ተፈጸመ» ወይም «አልተፈጸመም» ይጻፋል፤
ከስዊኒ ትይዩ እርሳሴን አንሥቼ
ቆየሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ደግሞ መጡ።
ጉዳይ የላቸውም። ማሞቂያው ተንኳኳ።