የማክሰኞ ካርታ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መርከብ መራሁ፣
ከፊዮርዱ ድንጋይ ስንቱን በስም አወቅሁ፤
ዛሬ ግን ተራዬ ደረሰና ተኛሁ፣
እኔው ባሕር ሆኜ እኔው መርከብ ሆንሁ።

ዓርብ ጠዋት፣ ትሮንድሃይም። ራሴን በብረት አስረው፣
ከአናቴ በላይ ደግሞ ትንንሽ ኳስ ሰቅለው፣
ካሜራው ከጣሪያ አፈጠጠ በሁለት ዓይን።
ኮምፒውተሩን የያዘው ልጅ፣ ስሙም ኤይስታይን፣
«አፍንጫ፣ ቅንድብ፣ ጆሮ» እያለ በዘንግ ነካካኝ፣
ከማክሰኞው ምስሌ ጋር፣ ከራሴ ጋር አስታረቀኝ።

ስክሪኑ ላይ አየሁት፦ ዕጢው ቢጫ ለብሶ፣
ቋንቋዬም፣ ሰማያዊ ክር፣ ቢጫውን ተንተርሶ።

አናቴ ተከፈተ። ሕመም የለም፤ ድምፅ ብቻ፣
የመርከብ ጠጋኝ ሞረድ፣ የብረት ላይ ዛቻ።
ሲግሩን ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።
«ወርዷል» አለች።

ቅሉ ሲከፈት፣ ውሃው ሲፈስ፣ አንጎል ዝቅ ይላል፤
የማክሰኞው ካርታ ለዓርብ ባሕር ይዋሻል።
ይህንንስ አውቃለሁ።
ስንቱ መርከብ ቀረ ወረቀት አምኖ፣
ጥልቅ የተባለው ደለል ሆኖ።

አልትራሳውንድ አስመጣች። ቀዝቃዛ ነገር አስነካችኝ፤
ድምፅ ልካ፣ ማሚቶውን ጠብቃ፣ እንደ አዲስ ሳለችኝ።
(እኛም በገመድ ጫፍ እርሳስ ጥለን እንለካ ነበር።
አያቴማ የባሕር ጭቃ ቀምሶ የት እንዳለ ያውቅ ነበር ይላሉ።
አላምንም።)

ማግንሂልድ ሥዕል ታሳያለች፤ እኔ ስም እሰጣለሁ፦
ድመት። ወንበር። ጃንጥላ። ቀላል ነው፤ እስቃለሁ።

ከዚያ አንድ ሥዕል መጣ።
ብረት ነው። ሁለት ክንድ አለው፤ ከላይ ቀለበት።
ዝገቱን መዳፌ ያውቀዋል።
ዕድሜ ልኬን ጥዬዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ስቤዋለሁ፣
ስሙ ግን
«ይህ... ይህ... መርከቡን... እንዳይሄድ የሚለው...»

ሲግሩን እጇን አነሣች።
«ገና አራት ሚሊሜትር አለ» አለ ኤይስታይን።
«ለስክሪኑ ነው አራት» አለችው፤ «ለሰውየው አልቋል።»

ዝም ተባለ። ውሃ አፈሰሱ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

«መልህቅ» አልኩ።
ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቢጫዋ ፍርፋሪ እዚያው ቀርታለች፤
በየሦስት ወሩ ፎቶ ትነሣለች።
እንደ ማንኛውም አዲስ ድንጋይ
ስም አውጥቼላታለሁ። ለሲግሩን አልነገርኳትም።
ዙሪያዋን ነው የሚኬደው፣ ቀስ ብሎ።