መስኮት ቁጥር አራት

ጠርሙሱን ከመስኮቴ ጠርዝ ላይ አቆመው፤
መልኩ የጠጅ መልክ፣ ሽታው የዓሣ ነው።
«መጠጥ እዚህ አይገባም» ብዬ ልቆጣ ስል
«ናፍጣ ነው፣ እህቴ፣ እኔ የሠራሁት» ሲል
ከኋላው ያለው ሰልፍ ሳቀ፤
እሱ ግን አልሳቀ።

ሹራሞ ቡራቃ፣ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣
ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ባለ ወፍጮ ቤት።
ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚጠበስበት፣
ሴቶቹ ሊደፉት ያሉትን ጥቁር ዘይት
በጀሪካን ለቅሞ፣ በሻሽ አጥልሎ፣
በርሜል ውስጥ አሙቆ፣ ኮስቲክ ሶዳ ጥሎ፣
ከዚያ ሜታኖሉን… (እዚህ ላይ ሳል ያዘው፤
ምነው ከየት ገዛህ ብዬስ ለምን ልያዘው።)
አንድ ሌሊት ያድራል፤ ዝቃጩ ይወርዳል፤
ከላይ ጠርቶ የቀረው ሞተር ያስነሳል።
«መብራት የጠፋ ቀን፣ ናፍጣም የሌለ ቀን፣
የሰፈሩን በቆሎ የምፈጨው እኔ ነኝ።»

የመደብ መጽሐፉን ገለጥሁ፣ ጣቴን እያረጠብሁ።
«ነዳጅ ማስመጣት» አለ። «ነዳጅ ማከፋፈል» አለ።
«ዘይት መጭመቅ» አለ፤ የሚበላ፣ የሚበላ ብቻ።
ዓሣ የጠበሰን ዘይት ሞተር የሚያበላ ሰው
በገጽና በገጽ መሃል ወድቋል።
«ኮድ የለህም» አልሁት፣
ለሕመምተኛ እንደሚነገር፣ ዝግ ብዬ።

ወደ ኢነርጂ ላክሁት። ኢነርጂ ወደ አካባቢ ጥበቃ።
አካባቢ ጥበቃ «ጭስህ ጥናት ይጠናለት» አለው።
እሳት አደጋ «በርሜሉ ከቤትህ ሃያ ሜትር ይራቅ» አለው፤
የግቢው ርዝመት አሥራ አራት ነው።
ደረጃዎች «ናሙናው አዲስ አበባ ይሂድ» አሉ፤
የምርመራው ዋጋ የሁለት ወር ዱቄት።
ደግሞ አንድ ሰርኩላር ነበረች፣ መሳቢያዬ ውስጥ፦
ክምችቱ ከሃምሳ ሺህ ሊትር እንዳያንስ።
እሱ በሳምንት የሚያወጣው ስድሳ።
«አሥራ ስድስት ዓመት ላጠራቅም?» አለኝ።
አስልቶ ነው የመጣው።

ከደጅ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፣ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ፣
እንደ ተቆጣጣሪ አንገቱን በትከሻው ቀብሮ።
«ይሄስ?»
«እሱ ሽታውን ይዞ ይከተለኛል፤
ፈቃድ አምጣ ያላለኝ እሱ ብቻ ነው።»

በአምስተኛው ምልልሱ፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣
መብራት ሄደ።
ኮምፒውተሬ ጠቆረ።
ጥበቃው የጄኔሬተሩን ጋን በዱላ መታው፤
ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ።
ሾፌራችን ማደያ ሰልፍ ላይ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።
አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ዝም። ሰልፉም ዝም።
ጠርሙሱ መስኮቴ ላይ ፀሐይ ገብቶበት ያበራል።
ሁላችንም አየነው። ሹራሞም እኛን አየን።
ማንም ምንም አላለ፤
ኮድ የለውማ።

«ዝቃጩን ምን ታደርገዋለህ?» አልሁት ድንገት።
«እሱማ ሳሙና ይወጣዋል፤
ባለቤቴ ዲቦራ በሰርዲን ቆርቆሮ ትቀርጸዋለች።»
ሳሙና!
ገጽ አርባ አንድ፣ መስመር ሦስት። ኮድ አለው።
በእጄ ጻፍሁለት፣ ማኅተም አሳረፍሁ፦
ሹራሞ ቡራቃ፣ ሳሙና አምራች፣ አነስተኛ።
እንግዲህ በወረቀቱ ላይ
ናፍጣው የሳሙናው ዝቃጭ ነው።

አንድ ፍሬ ገዛሁት፣ በሃያ አምስት ብር፤
ደረሰኝ ቆረጠልኝ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ማታ እጄን ስታጠብ ቀለሙ ለቀቀ፣
የማኅተሙ ቀለም አንድም ሳይቀር አለቀ፤
ዓሣ ዓሣ የሚለው ከጣቴ አልራቀ።
ሰፈሩ ጨለማ፤ ከወዲያ፣ ከታቦር ሥር፣
ወፍጮ ሲያጓራ ሰማሁ።

እድሳት ሐምሌ ላይ ነው።
ያን ጊዜ መስኮት አራት ማን እንደሚቀመጥ
እኔ አላውቅም።